ያልተጠጣው ውሃ

ቄስ ገብረ ጻድቅ ፊታቸው እንደ ዛላ በርበሬ ቀልቶ፣ ከንፈራቸው ግን ጠቁሮ ሲነቁ፣ ሚስታቸው አልታየች ውሸቷን አዘጋጅታ ከራስጌያቸው ተቀምጣ ነበር። በእጇ ባዶ ቅል ይዛለች።

የአንኮበር ሰው ያንን ቅላት ሲያይ «ቄሱ እንዴት አማረባቸው፣ ተመችቷቸዋል!» እያለ ዓመት አለፈ። እሷም፣ አፈር ይብላትና፣ ስትኮራበት ኖራለች። ባለፈው ሳምንት የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ነው ጉዱን ያፈላው። «ደማቸው ወፍሯል» አላት። «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሰው ደም ይበዛል፤ የእርሳቸው ግን ከልክ አልፎ እንደ አጥሚት ረግቷል። ውሃ በብዛት ይጠጡ። ዛሬ ነገ ሳይሉ ቆላ ይውረዱ። አለዚያ ደሙ አንድ ቦታ ሥር ይዘጋና አለቀ።» ቅቤና ጮማም ይተዉ ሲል፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ከዓመቱ እኩሌታ በላይ የሚጾም ቄስ ቅቤ የት አግኝቶ!

ውሃውስ? ወሩ ሁዳዴ ነው፤ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ቀዳሽ ቄስ ከቅዳሴ በፊት ጠብታ ውሃ ከቀመሰ መቅደስ አይገባም። ቄሱም አንድ ቃል ነበራቸው፦

«የቅዳሴ ሰሞኔን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም። ቄስ ወልደአረጋይ ልጁ ለውትድርና ከታፈሰ ወዲህ ፍለጋ እንደወጣ ቀርቷል። እኔም ከሄድኩ ቄስ ወልደተንሣኤ ብቻውን ነው። በአንድ ቄስ አይቀደስ፤ ሕዝቡ በሁዳዴ ያለ ቅዳሴ ይዋል?»

ሰሞናቸው ሊያልቅ ሦስት ቀን ይቀራል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስንት ደጅ አስጠንቶ የሰጣት የይለፍ ወረቀት ግን ዛሬ ያበቃል፤ ያለ ወረቀት ደግሞ ኬላው አያሳልፍም። የቄሱ የጥንት ወዳጅ፣ ከቆላው ከአልዩ አምባ የመጣው ነጋዴ በሽር፣ በቅሎውን ይዞ ደጅ ቆሟል።

«ዛሬ አይቀድሱም» አለች አልታየች።

«ምነው?»

«ሊነጋጋ ሲል ውሃ ውሃ ቢሉኝ አጠጣሁዎት። ይኸው ቅሉ።»

ቄሱ ቅሉን አዩት። ራስ ምታቱ ሲነሣባቸው የሚናገሩትን አያውቁም፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

«ማይልኝ።»

«አቦን!»

በደብራቸው ታቦት ስም በሐሰት ምላ አታውቅም። ትኮነን፣ ምን ቸገራት! ብቻ እሳቸው ይኑሩላት። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው ተሳለሙ። ከዚያ ተነሥተው፣ በበሽር ትከሻ ተደግፈው በቅሎዋ ላይ ወጡ።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጭጋጉ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። በሽር ከፊት ልጓም ይዞ «ያ ረቢ፣ አንተው አድርሰን» ይላል። አልታየች ከኋላ ሆና የባሏን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ኬላው ላይ ዘበኛው ወረቀቱን ገለባብጦ አየና አሳለፋቸው።

እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ምንጭ ዘንድ ሲደርሱ፣ ከገደሉ አናት ደወል ተሰማ። የቅዳሴ ጥሪ ነው፤ ወልደተንሣኤ ሁለተኛ ቄስ እየጠበቀ ነው። ቄሱ በቅሎዋን አስቆሙ። አልታየች እንመለስ ሊሉ ነው ብላ ፈራች። ቶሎ ብላ ቅሉን ከምንጩ ሞልታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም።

«አልታየች» አሉ፣ በሽር እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠዋት ስነቃ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር። ውሃ ጠጥቶ ያደረ ሰው እንዲያ አይሆንም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ታዲያ... ታዲያ ለምን መጡ?»

ደወሉ ደገመ። ወደ ላይ አንጋጠው ሲያዳምጡ እንባቸው በጠቆረው ከንፈራቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ቅሉን ከእጇ ወስደው፣ አማትበው፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

«ይኸው ጠጣሁ» አሉ። «እንግዲህ በአቦ ፊት ብቻሽን አትቆሚም።»

አልታየች ባዶውን ቅል መቀበል አቃታት። በሽር ነገሩን ሳያውቅ «እንሂድ እንጂ፣ መንገዱ ገና ነው» ብሎ ልጓሙን ሳበ። ከላይ ደወሉ ሦስተኛ ጊዜ ይጣራ ነበር።