ውሃ እንዳይነካው ያልኩት ዓይን

በግብፅ፣ ቅና ከተማ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ነርስ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ምላሰ ሹል ናት እያሉ ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። የዓይን ሞራ የተነሳላቸውን ሰዎች መክሬ ወደ ቤታቸው የምሸኘው እኔ ነኝ። ጠብታው በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያ በፊት እጅ በሳሙና፣ ማሸት ክልክል፣ ለሁለት ሳምንት ውሃ ፊታችሁን እንዳይነካ እላለሁ። የማይሰማኝን እቆጣለሁ።

ሐጅ ሐምዳንን ግን የምቆጣበት አላገኘሁም። ግራ ዓይናቸው በልጅነታቸው ጠፍቷል፤ እሑድ ሞራው የተነሳላቸው ከቀረቻቸው ከአንዷ ነው። ሰኞ ጠዋት መሸፈኛውን ሳነሳላቸው ልጃቸውን ሰባህን አይተው፣ «አንቺ! ሸብተሻል እኮ!» ብለው ክፍሉን በሳቅ ገደሉት። የነገርኳቸውንም አንድ በአንድ ደገሙልኝ።

ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ዓይናቸው ደም መስሎ መግል ይዟል፤ የሚታያቸው ጥላ ብቻ ነበር።

«ምን ነካችሁበት?» ብዬ ሰባህ ላይ ጮህኩ።

«ኧረ እህቴ፣ ማን ደፍሮ! አጠገቤ ሽንኩርት እንዳትከትፊ ብሎ እኔኑ ከማድቤት አባሮኛል።»

«ሐጅ፣ ውሃ አስነክተዋል?»

«ጠብታም! አንቺ ከልክለሽኝ?» አሉ ኮራ ብለው። «አምስቱንም ሰላት በውሃ ፋንታ በአፈር ታጥቤ፣ በተየሙም ነው የሰገድኩት። ከተምሩ ሥር ንጹሕ አፈር አለን። መዳፌን አፈሩ ላይ መታ አደርግና ፊቴን እጠርግበታለሁ።»

በቀን አምስት ጊዜ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ አፈር ገና ባልዳነ ዓይን ላይ! መሸፈኛውን አድርገው ከላዩ ቢያብሱ ለሰላቱ ይበቃቸው ነበር። ውሃ ስከለክል ለሰላት ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። እኔም እኮ እሰግዳለሁ።

ዶክተር ሱሄር ወዲያው ዓይናቸው ውስጥ መድኃኒት ወጉላቸው። ሐጅ ሆስፒታል ሳምንት ተኙ። መግሉ ጠፋ፤ እይታቸው ግን አልተመለሰም። ሰባህን አሁን የሚለዩዋት በድምጿ ነው።

በሚወጡበት ቀን ዶክተሯ አልጋቸው አጠገብ ቆመው ፋይሉን ሰጡኝ። «ነጃት፣ ምክር አልተከተሉም ብለሽ ዝጊው።» ሁልጊዜም የምንጽፈው ያንን ነው።

ሐጅ ወደ ድምፃችን ዞሩ። «ልጄ፣ የቱን ነው ያልተከተልኩት?» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነው።

«የነገርኳቸውን በሙሉ ፈጽመዋል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ስሜን ፈረምኩ።