የጋሽ መሸሻ ቄጠማ

ሚስቱ አልማዜ በግንቦት ከሞተች ወዲህ መሸሻ ማልዶ ከቤት መውጣት ልማዱ ሆኗል። ከቀራንዮ ቁልቁል ወርዶ፣ አዲሶቹን ሕንፃዎች አልፎ፣ ወንዙ ተንጣሎ በሚተኛበት ረግረግ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ቄጠማው ከወገብ በላይ ደርሷል። ጋጋኖዎች ጭቃውን በረጅም አፋቸው እየወጉ ያልፋሉ፤ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ያንቀላፋል። መሸሻ ያያቸዋል እንጂ ደስ አይለውም፤ አይከፋውምም። ቀብሩ ላይ እንባ ጠብ ስላላለው ዘመድ «ልቡ ደርቋል» ብሎ አምቶታል። እሱም እውነታቸውን ይሆናል ብሎ ተወው።

አንድ ማለዳ ግን ጥግ ላይ ባለች ጥቅጥቅ ያለች ቄጠማ ውስጥ አንዲት ጥቁር፣ አፏ ቀይ የሆነ የውሃ ዶሮ አየ። ቄጠማውን አጥፋ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ታቅፋለች። ሲደክማት ወንዱ ይተካታል። ከዚያ ወዲያ መሸሻ ሌላ ወፍ አላየም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ማየት ፈለገ። አንድ ነገር መፈለግ ከተወ ሰንብቷልና ለራሱም ገረመው።

ጳጉሜ ሲገባ የእንቁጣጣሽ ቄጠማ አጫጆች መጡ። ከእነሱ አንዱ፣ ጉዲሳ የሚሉት ጎልማሳ፣ ማጭዱን እየሳለ ሰላም አለው።

«ጋሽ መሸሻ፣ ዛሬም ወፍ ጥበቃ ነዎት? ደመወዝ ያስጨምሩ እንጂ!»

«ጉዲሳ፣ ያቺ ጥግ የእኔ ትሁን። ማንም እንዳይነካብኝ።»

የጉዲሳ ፊት በራ። «በቃ፣ ተይዛለች ጋሼ! ዝር የሚል የለም።»

ስለ ጎጆው ሊነግረው አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ለሚስቱ ያላለቀሰ ሰው ስለ ውሃ ዶሮ ሲለምን መሰማቱ አሳፈረውና ዋጠው።

አጫጆቹ ረግረጉን ላጩት። የመሸሻ ጥግ ብቻ እንደ ቁንጮ ቀረች።

በዋዜማው ጎረቤት ሞቶ እድርተኞቹ ድንኳን ሊተክሉ ጠሩት። እዚያው ውሎ አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀው። በዓሉን አብራው ልታሳልፍ ከዓለም ባንክ ሰፈር የመጣችው ልጁ ርሆቦት እየሳቀች ተጠመጠመችበት።

«አባዬ፣ አንተ ጉደኛ! ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?»

ጉዲሳ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ደጃፉ ላይ ቆሟል። «እንዳትጠወልግ ብዬ መጨረሻ ላይ አጨድኳት። ደንበኛ ሲያስይዝ እንዲህ ነው የምናደርገው። ሐዘን ላወረደ ሰው ደግሞ ሂሳብ የለም፤ ከእኔ ናት።»

መሸሻ አሁን ገባው። ሐዘን የገባበት ቤት ቄጠማ አይጎዘጎዝም፤ ሐዘንተኛ ቄጠማ ካስያዘ ሐዘኑን ሊያወርድ ነው ማለት ነው።

«ውስጧ ምንም አላየህም?»

«አንዲት የውሃ ዶሮ ፊቴ ላይ ተነስታ ዓይኔን ልታጠፋው ነበር እንጂ! ጎጆዋ ተገለበጠ መሰለኝ፤ እንቁላሎቿ ውሃ ገቡ።»

መሸሻ ንዴቱን ጠበቀ። አልመጣም። ከግድግዳ ማዶ ሰው እንደሚያወራ፣ ነገሩን ሰማው እንጂ አልነካውም። ርሆቦት ግን ትስቃለች፤ እናቷ ከሞተች ገና መሳቋ ነው።

«እጅህ ይባረክ» አለው ጉዲሳን።

«ቤት ቤት ሸተተ አይደል አባዬ? ደስ አለህ?»

«ደስ አለኝ።»

በማግስቱ ማለዳ እንደ ልማዱ ነቅቶ ኮቱን ለበሰ።

«በአውዳመት ደግሞ የት ነው?» አለች ርሆቦት ከጓዳ።

በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። የሚሄድበት አልነበረውም። ኮቱን መልሶ ሰቀለና ጓዳ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ነጭ ሽንኩርትና ቢላዋ ሰጠችው። መሸሻም ቀና ሳይል አንድ በአንድ ይልጥ ጀመር።