ቀዮ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ

ብሎኔ የሚለውን ስም ያወጡላት የባሏ እናት ናቸው። በሙሽርነት እዚያ ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን ነው። የምግብ ጠረጴዛው አንድ እግሩ እየተንገዳገደ ሾርባዋን ቢያስደፋት፣ "ይቅርታ አንዴ" ብላ ከቦርሳዋ ብሎን ከነመፍቻው አወጣችና ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ስትወጣ ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ "የሰው ሙሽራ ሽቶ ይዛ ትመጣለች፤ የኛዋ ብሎን ይዛ መጣች!" አሉ። ከዚያ ወዲያ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ሆነ፤ እሱም ሲቆጣ ነው።

ሥራዋ ነዋ። አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና መካኒክ ናት። መቶ ሃያ መኪና በአንድ ጊዜ በሚንጫጫበት አዳራሽ መሃል ቆማ፣ የታመመችውን በጆሮዋ ለይታ ታወጣለች።

አባባ፣ የባሏ አባት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ማሽን ላይ ቆመው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ወር "እንዴት አደርሽ" እና "እንዴት አመሸሽ" ከማለት ያለፈ ነገር አልተነፈሱላትም። የወደዷትም የጠሏትም አይመስል። "ቅር አይበልሽ፣ እኔንም በወጉ ያናገሩኝ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው" አላት ባሏ። የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ሰው ማጽናናት አይሆንለትም።

የአባባ ልብ ያለው ጓሮ ነበር፤ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አሮጌ አንሶላ ለብሳ ከምትቆመው ከቀዮ ዘንድ። ቀዮ ጣልያን ሠራሽ ሞተር ሳይክል ናት። በዕድሜ ባሏን ትበልጠዋለች። ለፍጥነት የተሠራች ስለሆነች ዝቅ ያለች፣ ወገበ ቀጭን፣ መሪዋ ወደ ታች የተደፋ ነች፤ የሚነዳት ሰው ደረቱን ቤንዚን መያዣው ላይ ሊያስተኛ ምንም አይቀረው። ስትነሳ የጎረቤት መስኮት ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

ታዲያ ቀዮ ከታመመች ሁለት ዓመቷ ነው። ትነሳለች፣ ደህና ትሠራለች፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሞላት ታስላለች፣ ደግማ ታስላለች፣ ከዚያ ጸጥ። ግማሽ ሰዓት ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሳለች፤ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ መልሳ ትጠፋለች። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ያስነሷታል፤ ስትጠፋ እሳት የምትሰጠዋን ካንዴላ አውልቀው ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንሶላዋን ያለብሷታል። እማማ ግን ደስታቸው ወደር የለውም። "ያበላሻትን እግዜር ይባርከው! ሁለት ዓመት ሙሉ ልቤ አርፎ ተቀመጥኩ" ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ብሎኔ ዕቃ እያጠበች ሳለ ያንን ሳል ሰማች። እጇን አራግፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

"አባባ፣ ይቺ የጎደላት ቤንዚን ነው" አለች በር ላይ ቆማ።

አባባ ቀና ብለው አዩዋት። "በምን አወቅሽ?"

"የእሳት ችግር ቢሆን ድርግም ነው የምትለው። እሷ ግን እየተራበች ነው የሄደችው።"

ሽማግሌው አጠገባቸው የነበረችውን ዱካ በእግራቸው ገፋ አደረጉላት። "ተቀመጪ።"

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። የቤንዚን ማጣሪያውን አወጣች፤ ንጹሕ ነው። ካርቡራተሮቹን ፈታ አንድ በአንድ አጠበች፤ እንከን የላቸውም። አባባ ዱካቸው ላይ ሆነው ይነግሯታል፣ እሷ ትፈታለች። "ዓይንሽ ከኔ ይሻላል፣ አንቺ ፍቺው" ነው የሚሏት። እኚያ ቃል የሚቆጥቡት ሰው ስለ ቀዮ ሲሆን አያቆሙም። ባሏ የተወለደ ዕለት መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ መኪና አላስገባ ሲል፣ አዋላጇን ከኋላ ጭነው እንዴት እንዳመጧት ነገሯት። "ሴትዮዋ ወገቤን አንቃ ይዛ ዓይኗን እንደጨፈነች ነው የደረሰችው። እማማሽ ምጧን ትታ አዋላጇን ስታጽናና ነበር" አሉና ሳቁ። ብሎኔ ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው።

ግን ሁለት ነገር ከነከናት።

አንደኛው የቤንዚን መያዣው ክዳን ነው። ቀዮ ስትጠፋ አባባ ሁልጊዜ ወደ ካንዴላው ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን እሷ ክዳኑን ልትከፍት እጇን ብትሰድ፣ "ተይው እሱን!" ብለው ጮኹባት። ወዲያው ደግሞ አፈሩና፣ "የክዳኑ ጎማ አሮጌ ነው፣ እንዳይቀደድ ብዬ ነው" አሉ።

ሁለተኛው እጃቸው ነው። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ነው የሚያነሱት። የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ እማማ ናቸው የሚቆልፉላቸው፤ እሷ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ፍቅር መስሏት ስትቀና ነበር። መፍቻ ሲያቀብሏትም ጣቶቻቸው አይዘረጉም፤ አንጓ አንጓቸው አብጧል። በሠላሳ አምስት ዓመት ማሽን ያለቁ እጆች ናቸው፤ ይህን በማንም ፊት ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

አባባ ለጡረተኞች ስብሰባ የወጡ ዕለት ብሎኔ ብቻዋን ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገባች። ቀዮን አስነሳቻት። ሰዓቷን ይዛ ቆመች። አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ሳል፣ ጸጥ። ክዳኑን ከፈተች። ፉፉፉ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ገባ። ወዲያው ብታስነሳት ቀዮ አንድም ሳታንገራግር ተነሳች።

ነገሩ ገባት። ቤንዚኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አየር ካልገባ ቤንዚኑ ታፍኖ ይቀራል። ለዚህ ሲባል ክዳኑ ላይ የመርፌ ዓይን የምታክል ቀዳዳ አለች። ብሎኔ ከአንገትጌዋ መርፌ ነቅላ ቀዳዳዋን ጎረጎረች። ጥቁር ቆሻሻ ስትጠብቅ ነጭ፣ ንጹሕ ነገር ወጣ። በጣቷ ብታሸው ሟሸሸ። የሻማ ሰም ነው። የመፍቻውን መሳቢያ ሳበች፤ ጫፏ በጥፍር የተፋቀች ጉራጅ ሻማ ተጋድማለች።

ዱካው ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ብልሽት ሲፈልጉ የከረሙት ሰው ብልሽቱን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ማርሽ ሲቀየር የሚሳበውን የፍሪሲዮኑን ማንሻ በግራ እጇ ጨበጠችው፤ የእሷን እጅ እንኳ እስኪያቃጥል ድረስ የሚታገል ሞላ ነው ያለው። ያኔ ሁሉም ተገለጠላት። ሞተሯ ከተበላሸች ማንም ለምን አትነዳም ብሎ አይጠይቃቸውም። እጃቸው ከተበላሸ ግን ይጠየቃሉ፤ ከዚያም ይታዘንላቸዋል። አባባ ደግሞ ሊታዘንላቸው የሚፈልጉ ሰው አይደሉም።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሌባ የያዘች ሳትሆን ራሷ ስትሰርቅ የተያዘች መሰላት። ተነሳችና ከጉራጇ ሻማ ትንሽ ፋቅ አድርጋ፣ በመዳፏ አሙቃ፣ ቀዳዳዋን እንደነበረች ደፈነቻት። አንሶላውንም መለሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ "አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት" አለች። "ቀዮን መንዳት ቢያስተምሩኝ።"

አባባ ከመደሰታቸው የተነሣ ዱካቸው ላይ ተነቃነቁ። "እሷ መጀመሪያ ትዳን እንጂ!"

"ትድናለች። ችግሩ እኔ ነኝ። መሪው ወገቤን ያጎብጠኛል፣ ፍሪሲዮኑንም እጄ አይችለውም። ለእኔ እንዲመች ትንሽ ባስተካክላት?"

ፊታቸው ተለወጠ። "ቀዮን? ሰዎቹ ለክተው፣ አስበው የሠሯትን? መሪዋን ከፍ ካደረግሽውማ በቅሎ አደረግሻት እኮ!"

"ካልወደዱት እንደነበረች እመልሳታለሁ። አንድም ብሎን አይጠፋም።"

ሽማግሌው የቀዮን መሪ በመዳፋቸው ዳበሱ። "ለአንቺ ከሆነ..." አሉ በመጨረሻ። "ለአንቺ ከሆነ እሺ።"

አንድ ወር ፈጀባት። በፋብሪካው ብረት መቅረጫ፣ ቶርኖ ላይ የሚሠራው ሰው ከአሉሚኒየም የቀረጸላትን ሁለት መደገፊያ እግር ከሥሩ አስገብታ መሪውን አራት ጣት ከፍ አደረገችው፤ ገመዶቹንም በረጃጅም ቀየረች። ከባዱ ፍሪሲዮኑ ነበር። ሞተሩ ጎን ገመዱ የሚስበው አጭር ክንድ አለ። ያንን ክንድ ብታስረዝመው ይቀላል፤ ረጅም መፍቻ ጠንካራ ብሎን እንደሚያቀልል ማለት ነው። አስረዘመችው። መጀመሪያ ግን አበዛችው። ፍሪሲዮኑ በቅጡ ሳይለቅ ማርሽ ብታስገባ ቀዮ ዘላ የእማማን የታጠበ ልብስ ከነገመዱ ይዛ አጥሩ ሥር ቆመች።

እማማ በመስኮት ብቅ አሉ። "ጀመረች! ደህና ተበላሽታ የተቀመጠችውን ምን ቤት ነኝ ብለሽ ነካካሻት?"

አባባ ከፊት መብራቱ ላይ የሚስታቸውን ቀሚስ እያነሱ፣ "ግማሽ ጣት አሳጥሪው" አሏት ለብሎኔ፣ በሹክሹክታ።

አሳጠረችው። የመጨረሻዋን ብሎን ያጠበቀች ዕለት ወደ ኋላ ሸሸት ብላ፣ "እስቲ እርስዎ ይቀመጡና ይዩልኝ" አለች። "ለደኅንነት። እኔ አላውቅበትም።"

አባባ እግራቸውን አሻግረው ተቀመጡ። ወገባቸው ሳይጎብጥ እጃቸው መሪው ላይ አረፈ። የግራ ጣቶቻቸውን ማንሻው ላይ ጣል አደረጉና ሳቡት። መጣ። ለቀቁት። እንደገና ሳቡት፤ አሁን በሁለት ጣት ብቻ። መጣ። ሽማግሌው ማንሻውን እያዩ ደጋግመው ሳቡ፣ ለቀቁ። ብሎኔ አንገቷን ደፍታ መፍቻዎቿን በጨርቅ መጥረግ ያዘች፤ የተጠረገውንም ደግማ ጠረገች።

"መርፌሽን አቀብዪኝ" አሉ አባባ።

አቀበለቻቸው። ክዳኑን በመዳፋቸው ከፈቱ፤ መርፌዋን በነዚያ ባበጡ ጣቶች ለመያዝ ሁለት ጊዜ ጥለው በሦስተኛው ያዟት። ሰሙን ፊት ለፊቷ ነቅለው አወጡት። መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት።

"ታውቂ ነበር?"

"ምኑን፣ አባባ?"

"እንዲህ ወፍራም ሰም አልነበረም የእኔ። እኔ ስደፍን አሳስቼ ነው።"

ብሎኔ ፊቷ እሳት መሰለ። አባባ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እሷንም ያዛት። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እማማ በመስኮት፣ "ምን ነካቸው እነዚህ?" ሲሉ ይሰማል።

"አንድ ዙር ልሂድ" አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሃያ ሆነ። ባሏ የተማሪዎች ደብተር ማረሙን ትቶ በር ላይ ቆመ። እማማ ነጠላ ጫማቸውን ተገላቢጦሽ አድርገው ወጡ፤ "የወለድኩለትን ሁሉ ረስቶ ሄደ!" እያሉ። በአርባኛው ደቂቃ ያ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። አባባ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ፀጉራቸው በነፋስ ቆሞ፣ ቀስ ብለው መጡና በሩ ላይ አቆሙ። ለመውረድ ልጃቸው ሊደግፋቸው ግድ ሆነ። እማማ ሊቆጡ ቀርበው፣ የአባባን ፊት ሲያዩ የቆመ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተኙላቸው።

አባባ ሁለት እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። ሊደብቋቸው አልሞከሩም። "አየህ እንዴት እንደሆኑ? ሦስት ዓመቴ ነው" አሉ። "ሐኪም ጋ ውሰደኝ።"

ልጁ የአባቱን እጆች ይዞ ቆመ። አለቀቃቸውም።

በሳምንቱ አባባ፣ ልጃቸውና ብሎኔ ሐኪም ጋ ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ናት። አንጓዎቹን አንድ በአንድ እየነካች መረመረች፤ እብጠቱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ባይቻልም ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት እንዳለ ነገረቻቸው። ምንም ሳይደረግለት ሦስት ዓመት በመቆየቱም ቆጣ አለች። ከዚያ ብዕሯን አንስታ፣ "በእጅዎ አሁን ምን ምን ይሠራሉ?" አለቻቸው።

"ሞተር ሳይክል እነዳለሁ።"

"በዚህ እጅ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለአጭር መንገድ" አሉ አባባ። "በልጄ እጅ፣ ለእጄ ልክ ተስተካክላልኛለች።"

ሐኪሟ ወደ ሂሳብ አስተማሪው ዞር ብላ፣ "እርስዎ መካኒክ ነዎት?" ብትለው አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱማ ፍሪሲዮንና ፍሬን አይለይም" አሉና፣ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ተቀመጠችው ወደ ብሎኔ በአገጫቸው አመለከቱ። "ልጄ ያቺውልሽ።"