ሁለት ጣት የሰፋው መስኮት

አናጢው በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ የሟች እህት አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጠገቧ ላሉት ሴቶች የምታወራ መስላ፣ እሱም እንዲሰማ አድርጋ፣ «መጣ እንግዲህ፣ ወንድሜን በብርድ የጨረሰው» አለች። ሰውየው ሰምቷል። አልሰማሁም እንዳይል ጆሮው ቀልቷል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ሰዉን ሁሉ በአንገቱ እጅ ነሳና ከበሩ ሥር ካለች ዱካ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ።

ባሏን በዚያው ሳምንት የቀበረችው ልብስ ሰፊ ፍራሽ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። እሷ አንድ ቃል ብትተነፍስ አናጢው ከሐሜቱ ነፃ ይወጣ ነበር፤ እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። ለቀስተኛው እርስ በርሱ «እንባዋ እንኳ ደረቀ፣ ድንጋጤ ነው» ይባባላል። ድንጋጤ አልነበረም። ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ያመነች ሴት፣ በምን ዓይኗ ሰው ፊት ታልቅስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ከእንጨቱ ምስጡ ይበዛ ነበር። ከተከፈተ አይዘጋም፣ ከተዘጋ አይከፈትም። ባልየው አውቶብስ ጋራዥ ውስጥ ያረጀ መካኒክ ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ በሽቦ የማይድን ነገር የለም ብሎ የሚያምን። መስኮቱንም በሽቦ ጠፍሮ ስንት ዓመት አቆይቶታል። ሚስቱ ስለ አዲስ መስኮት ባነሳች ቁጥር «ሲወድቅ እንነጋገራለን» ይላታል። በመጨረሻ ቀድሞ የወደቀው እሱ ሆነ። ከሐኪም ሲመለስ «ትንሽ ድካም ነው፣ ይለቀኛል» ብሏት አልጋ ያዘ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሷ፣ እንኳን ሽቦ ሰንሰለት ቢያስሩበት አልሰማም አለች።

የአሉሚኒየም መስኮት ዋጋ ጠየቀችና ወሽመጧ ተቆረጠ። ወዲያው ዞራ የፈረሰ ቤት ዕቃ ከሚሸጥበት ግቢ ገባች። ጠንካራ እንጨት ያለው፣ መስታወቱ ያልተሰነጠቀ፣ ማጠፊያው ያልዛገ መስኮት አገኘች፤ መጠኑ ቢተልቅም ሻጩ በምትሰጠው ልክ ሊቆርጥላት ተስማማ። እንዲገጥምላት የያዘችው አናጢ ልኩን እኔ መጥቼ ልውሰድ ቢላት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ መስኮት ሊያቅተኝ ነው ብላ ሳቀችበት። በራሷ ሜትር ለካች።

አናጢው አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ሲያነሳ፣ መስኮቱ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ተርፎ አልገባም አለ። ለልብስ ሰፊዋ ወዲያው በራላት። እጇ እሷን ሳያማክር፣ እንደለመደው፣ ለስፌትና ለእጥፋት የሚተወውን ጨምሮ ኖሯል። ጨርቅ ቢሆን እሰየው ነበር። አናጢው ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ላስተካክለው እመጣለሁ ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ላስቲኩ ሲርገበገብ፣ ብርዱ ከበሽተኛው ራስጌ ሲገባ ሰነበተ። ሰውየውም አንድ ጠዋት፣ እሷ ሻይ ልታፈላ በወጣችበት፣ አረፈ። ምን ሆኖ ነው ላሏት «አናጢው ቀርቶብን» አለች። ስለ ልኩ ትንፍሽ አላለችም።

አሁን አናጢው የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ሊሄድ ተነሳ። እሷም ተነሳች። መስኮቱን እንዲያይላት ነው ብላ ወደ መኝታ ቤት ይዛው ገባችና በሩን ገርበብ አደረገች።

«ሰው የሚልህን ሰምተሃል» አለችው። «ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ልኩን ያበላሸሁት እኔ፣ ብርድ ላይ ያስተኛሁት እኔ።»

አናጢው ግራ ገብቶት አያት። «እትዬ፣ ይሄን እንጨት ለመላግ እኮ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በነጋታው መላጊያዬን ይዤ መጥቻለሁ። እርስዎ ገበያ ነበሩ። የመለሱኝ ጋሼ ናቸው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ኮፍያውን እያሸ ነገራት። ባሏ ከትራሱ ቀና ብሎ፣ ይህን ቀዳዳ ከዘጋህብኝ ታፍኜ ነው የምሞተው ብሎታል። ልቡ ደክሟል፤ ሐኪሙ ገና መስኮቱ ሳይነቀል እንደማይድን ቁርጡን ነግሮታል። ደህና አየር ያገኘው ግድግዳው ከተከፈተ ወዲህ ነው። እሷ ወጣ ስትል የላስቲኩን ጫፍ ገልጦ መንገደኛ ሲጣላና ሲሳሳቅ ያዳምጣል። ስለዚህ፣ እስክጠራህ ድርሽ እንዳትል ብሎታል።

«ለእሷ አትንገር ስላሉኝ ስድቤን ዋጥኩ» አለ አናጢው። «እንዲህ እንደሚያስቡ ባውቅ ከቀብሩ ላይ እነግርዎት ነበር።»

«ስለ ልኩስ? ያውቅ ነበር?»

«ሳል እስኪይዛቸው ነው የሳቁት። ‹የሴትዮዋን ነገር አየህ? እንደ ልጅ ልብስ ለማደጊያ ትታልኛለች› አሉኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው። «ውሸታም» አለች፣ «ትንሽ ድካም ነው አለኝ እኮ፣ ውሸታም።» ከዚያ ያ ሁሉ ቀን የጠፋው እንባ መጣ፤ ጮክ ብላ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳትል አለቀሰች።

የሟች እህት ልቅሶውን ሰምታ ሮጣ ገባች። እንደ እህትማማቾች የኖሩ ናቸውና ልብስ ሰፊዋ ከልኩ ጀምራ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። የሟች እህት እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ወንድሟ ሲዋሽ እንዴት እንደሚዋሽ እሷም ታውቃለች። ሰምታ ስትጨርስ አናጢውን ክንዱን ይዛ ወደ ሳሎን አወጣችው፣ ከጎኗ ፍራሽ ላይ አስቀመጠችው፣ ሻዩም ቀዝቅዟል ብላ በትኩስ አስለወጠችለት። ሴቶቹ ተያዩና ጠጋ ጠጋ አሉለት።

ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ቀረች። ላስቲኩን የያዙትን ምስማሮች በመቀስ እየፈነቀለች አወለቀችና ጠቅልላ ጥግ ላይ አኖረችው። ነፋሱ ዘው ብሎ ገባ፤ የሰው ድምፅ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የልጆች ጫጫታ ይዞ። ብዙ ቀን ያልተኛች ሴት ናትና ከአልጋው በራሷ በኩል ጋደም አለች። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርጋት ሲል ግን እጇን ሰደደችና፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን የብርድ ልብስ ጫፍ ሳብ አድርጋ፣ ባዶው ትራስ ድረስ አለበሰችው።