የሽማግሌው ታይሚንግ

«ጨምርበት!» አለች ሰንሰለት።

አማቿ፣ የልጇ ባል፣ እስከ ወገቡ የመኪናው ኮፈን ውስጥ ገብቷል። ከውጭ የሚታዩት ሱሪውና አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል ካልሲው ብቻ ናቸው። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ታይሚንጉ ልኩ ላይ ነው» አለ። «ከዚህ በላይ ከጨመርንበት ሞተሩ ራሱን በራሱ መደብደብ ይጀምራል።»

«ይደብደብ! ሰነፍ በሌላ አይድንም።»

«ፒስተኑ ይበሳል እኮ።»

«ልኩ ላይ ቢሆን ኖሮ ባለፈው ዳገቱ መሃል ላይ ይተኛ ነበር?»

አማቿ መልሱን ያውቀዋል፤ ግን የሚስት እናት ፊት የሚነገር መልስ አይደለም።

ሰንሰለት ሥራዋ መኪና መጎተት ነው። ስሟን ያወጣላት ገበያው ነው፤ ከሟች ባሏ የወረሰችውን መጎተቻ ሰንሰለት እንደ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስለምትሄድ። መኪናውን ደግሞ «ሽማግሌው» ይሉታል። ያልሄደበት መንገድ፣ ያላጠቆረው ግድግዳ የለም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሽማግሌው የዳቦ ቤቱን መኪና እየጎተተ ዳገቱን ሲወጣ፣ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ጥርሶ፣ ያ አፉን ሲከድን ታይቶ የማይታወቅ ተፎካካሪዋ፣ በአዲሱ መኪናው መጥቶ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀጥሎ ጎተታቸው። መጎተቱስ ባልከፋ። የከፋው ጡሩምባውን እየነፋ በገበያው መሃል ማሳለፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚላት ሁሉ፣ «እንዴት ዋልሽ እትዬ ሰንሰለት፣ ዛሬስ ማን ጎተተሽ?» ሆነ። እልህ ያዛትና ሰው በተሰበሰበበት ማለች፤ «ሽማግሌው ሁለተኛ ዳገቱ ላይ ቢቆም፣ ለጥርሶ በብረት ዋጋ እሸጥለታለሁ!» መማል ቀላል ነው። ይኸው ጥርሶ በየጠዋቱ ደጃፏ ላይ መኪናውን ዝግ አድርጎ ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አይቶት ያልፋል፤ በግ እንደሚመርጥ ሰው።

አማቿ ነገሩን ሊያስረዳት ያልሞከረበት መንገድ የለም። «ናፍጣ ወደ ሞተር የሚገባበት ሰዓት አለው፣ እትዬ። እንደ እንግዳ ማለት ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ሲመጣ ደስ ይላል። ወጡ ጥሬ ሆኖ ሳለ ከደረሰ ግን ቤቱን ያተራምሰዋል።»

«እኔ ቤት እንግዳ በፈለገው ሰዓት ይመጣል፤ የተገኘውን ይበላል» ብላ ዘጋችው።

ሰንሰለት ደግሞ ሞኝ አይደለችም። ጠዋት አማቿ ከእንቅልፉ ሳይነሳ በልጇ የጥፍር ቀለም ከናፍጣው ፖምፓ እስከ ሞተሩ አካል አንዲት ቀጥ ያለች ቀይ መስመር አስምራለች። ፖምፓው ከተዞረ መስመሯ ትሰበራለች፤ ካልተዞረም ቀጥ እንዳለች ትገኛለች። ከላይ ግራሶ ለቅልቃ ሸሽጋታለች። አማች ይወደዳል እንጂ አይታመንም።

«እማዬ፣ የጥፍር ቀለሜን አይተሽዋል?» አለች ልጇ ከመስኮቱ።

«እኔ ጥፍር አለኝና ነው?» ብላ አፏን አስያዘቻት።

አማቿ ተነፈሰ። «እሺ፣ እንዳሉት ይሁን። ኪያቤውን ያቀብሉኝ።»

ብሎኖቹን አላላ። ከዚያ አቃሰተ፣ «እህ!» አለ፣ «ና! ና!» አለ፣ በምላሱ አጨበጨበ፤ ላም የሚያልብ ነበር የሚመስለው። መልሶ አጠበቀና ላቡን በክንዱ እየጠረገ ወጣ።

«ጨመርክበት?»

«ጨመርኩበት» አለ፣ ጎማውን እያየ። «ግን እትዬ፣ አሁን ጠባዩ ተለውጧል። አዲሱ ታይሚንግ ዳገት ላይ አንድ ነገር አይወድም።»

«ምን?»

«ማርሽ መቀየር። ከግርጌው በአንደኛ ይነሳሉ፣ እስከ ላይ በዚያው ነው። ቢያቃስት እንዳይነኩት። ከነኩት እኔ የለሁበትም።»

ይህን ምክር ስለ ነጂዋ ብሎ ቢናገረው ኖሮ ኪያቤው ግንባሩ ላይ ባረፈ ነበር። ልጇ አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ዳገቱን በሦስተኛ ተንደርድረሽ ባትገቢበትስ» ብትላት ሰንሰለት ሳምንት ሙሉ አኩርፋታለች። ስለ ቁልቁለቱማ ትንፍሽ ያለ የለም። ሰንሰለት ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥታ ነው የምትለቀው፤ አማቿ አብሯት በወረደ ቁጥር በሩን በሁለት እጁ ይዞ ዐይኑን ይጨፍናል። ስለ ሞተሩ ሲሆን ግን ትሰማለች። ሞተር ቢታመም ነጂን አያሰድብም።

ግራሶውን ጠርጋ መስመሯን ልታይ እጇን ስትሰድ ስልኳ ጮኸ። ውኃ የሞላ ቦቴ ዳገቱ ግርጌ ተበላሽቶ ቆሟል። እላይ ያለው ጋራዥ መድረስ አለበት።

ኮፈኑን ዘጋችው። «ግባ!» አለችው አማቿን።

የቦቴው ሹፌር ሽማግሌውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «በዚህ ነው የምትጎትቱኝ?»

«አንተ ተጎታች ነህ» አለች ሰንሰለቱን እያሰረች። «ተጎታች አይመርጥም።»

ወሬው ቀድሟቸዋል። ከዳገቱ ዳር ያሉት ባለሱቆች በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ጥርሶ መኪናውን ጥግ አስይዞ በመስኮት ብቅ አለ።

«እትዬ ሰንሰለት! ሚዛኑን ላምጣው ወይስ በግምት እንነጋገር?»

«መጀመሪያ ጥርስህን ክደን፣ ዝንብ ይገባብሃል!»

አንደኛ ማርሽ አስገባች። ሽማግሌው አጓራና ተነሳ። አካሄዱ ግን መሄድ ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል። እንጨት የተጫነች አህያ ከኋላ መጥታ ቀደመቻቸው፤ ስታልፍም ዞር ብላ ያየቻቸው መሰላት ሰንሰለት።

«አህያ ቀደመን እኮ!»

«ትቅደም፣ እትዬ። እሷ ቦቴ አልጎተተችም።»

መሃል ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ባለፈው የቆመበት ቦታ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ጠቁሮ ይታያል። የሰንሰለት እጅ ሳታዘው ወደ ማርሹ ሄደ።

«ታይሚንጉ!» ብሎ ጮኸ አማቿ።

እሳት እንደነካች ሁሉ እጇን ሰበሰበች። አላመነችውምና ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችበት፤ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ። ሽማግሌው አቃሰተ፣ ጨሰ፣ ተንቀጠቀጠ። ግን አልቆመም። የዘይቱን ምልክት ረገጠው፣ አለፈው። አማቿ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሲለቀው የፊት መስታወቱ ጉም ለበሰ።

ሰንሰለት ከዚያ እስከ ጋራዡ በር እጇን ከጡሩምባው ላይ አላነሳችም።

አማቿና የቦቴው ሹፌር ሰንሰለቱን ሊፈቱ ወደ ኋላ ሄዱ። እሷ ኮፈኑን ከፈተች። አዲሱን ታይሚንግ በዐይኗ አይታ ልትመርቀው ነው። ግራሶውን በጨርቅ ጠረገችው።

ቀይዋ መስመር ቀጥ ብላ ተኝታለች። ወዲህ አላለች፣ ወዲያ አላለች፤ ጠዋት እንደተሰመረች ናት።

መጀመሪያ የፈለገችው ኪያቤውን ነው። ለሥራ አይደለም። አግኝታውም አንስታው ነበር። ከዚያ ቆም ብላ ወደ ዳገቱ አየች። ሞተሩ ያው ነው። ዳገቱም ያው ነው። ጭነቱ እንዲያውም ከዳቦ መኪናው ይብሳል። ዛሬ የተለወጠ ነገር ካለ፣ ያ ነገር የነጂው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የመጣው።

«ወይ ጉድ!» አለች ለራሷ። ኪያቤውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

ጥርሶ ተከትሏቸው ደረሰ። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ አማቿን ያዘው። «አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህለት ነው? የኔንም ሥራልኝ። የጠየቅኸውን እከፍላለሁ።»

የአማቿ ፊት አመድ መሰለ። ወደ ሰንሰለት ሲያይ ኮፈኑ ተከፍቷል፤ እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ግራሶ በግራሶ ሆኗል።

«ታይሚንግ ነው ያስተካከለው» አለች ሰንሰለት፣ ሳትዞር። «ላንተ ግን አይሠራልህም።»

«ለምን?»

«የቤተሰብ ነው። በጋብቻ ነው የሚገኘው። እኔ ደግሞ ያለችኝ ልጅ አንድ ናት፣ እሷንም ድሬያታለሁ።»

ጥርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከደነ።

ሰንሰለት ጨርቁ ላይ የቀረውን ግራሶ መስመሯ ላይ መልሳ ለቀለቀችው። በጣቷ ጫን፣ ጫን አደረገችውና ኮፈኑን ዘጋች። አማቿ ተከትሏት ጋቢናው ውስጥ ገባ፤ ገና ምንም ሳትል በሩን በሁለት እጁ ጨብጧል። ቁልቁለቱ ከፊታቸው እስከ ቤት ተዘርግቷል።

ሞተሩን አስነሳች። እጇን ማርሹ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ለመሆኑ» አለች፣ መንገዱን እያየች፣ «ይኼ አዲሱ ታይሚንግህ ቁልቁለት ላይ በስንተኛ ነው የሚወደው?»

አማቿ ዞር ብሎ አያት። ከበሩ አንድ እጁን አነሳ።

«በሁለተኛ ነው የሚወደው፣ እትዬ።»

ሁለተኛ አስገባች።