የቱራን ኻኖም እሺታ

«ለተከበራችሁ የሕንፃችን ነዋሪዎች በሙሉ። ዛሬ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በሁለተኛው ፎቅ ሳሎን ውስጥ በጋዝ የሚነድ ምድጃ ስለሚተከል፣ ሊሰማ ለሚችለው የመሰርሰሪያ ድምፅና ሊነሣ ለሚችለው አቧራ የሕንፃው አስተዳደር ከወዲሁ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።»

ማስታወቂያው የደረጃው መግቢያ ላይ ተለጥፏል፤ ከግርጌው ማኅተም አርፎበታል። «የሕንፃው አስተዳደር» የሚባለው በዚያው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው አርደሺር ነው። ማኅተሙ ጡረታ ሲወጣ ለማስታወሻ ብሎ ይዞት የወጣው፣ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ክፍል ማኅተም ነው። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች በሙሉ» የተባሉት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት ቱራን ኻኖም ናቸው፤ ምድር ቤቱና አንደኛው ፎቅ ተከራይ ካጡ ዓመት አልፏቸዋል። ለአንድ ሰው ማስታወቂያ ከመለጠፍ ወጥቶ በር ማንኳኳት እንደሚቀል ሚስቱ ሹኩፌ ነግራው ነበር። እሱ ግን በር ከተንኳኳ ግቡ ይባላል፣ ከተገባ ሻይ ይቀርባል፣ ከሻዩ ፍራፍሬ ይከተላል፣ ከፍራፍሬው በኋላ የመጡበትን ጉዳይ ማንሣት ነውር ይሆናል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል ብሎ ዘጋት።

የምድጃው ጉዳይ ግን የዋዛ አልነበረም። የአርደሺር አባት መሽዲ ያዱላህ ከአልቫንድ ተራራ ጀርባ ባለች መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በረዶው ሲጀምር እንደ አባቶቻቸው ኮርሲ ይዘረጋሉ። አጭር ጠረጴዛ፣ ከሥሩ የከሰል ማንደጃ፣ ከላዩ እስከ ወለሉ የሚወርድ ወፍራም የጥጥ ብርድ ልብስ፤ በቃ፣ እግራቸውን ከሥሩ ከትተው ሬዲዮ እየሰሙ ይከርማሉ። አምና ከሰሉ በደንብ ሳይቀላ አስገቡትና ጭሱ ጣላቸው። ወንፊት ሊዋስ የመጣ ጎረቤት ነው በእግራቸው ጎትቶ በረዶው ላይ ያወጣቸው። ዐይናቸውን ሲገልጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ» የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አርደሺር ከኛ ጋር ይክረሙ እያለ ዓመቱን ሙሉ ለመነ። አባቱ አንዴ መጥተው፣ ቤቱን የሚያሞቀውን የግድግዳ ብረት በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ እሳቱ የማይታይ ሙቀት አላምንም ብለው ሄዱ። በመጨረሻ በስልክ ቃል ሰጡ። ሐሙስ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ፤ የሚነድ እሳት በዐይኔ ካየሁ አዲስ ዓመት እስኪገባ፣ እስከ ኖሩዝ በዓል እቀመጣለሁ፤ ካላየሁ በዚያው ቀን በአሥር ሰዓቱ ሚኒባስ እመለሳለሁ አሉ። ሬዲዮው ከሐሙስ ጀምሮ ከባድ በረዶ እንደሚጥል ተናግሯል። ያ መንገድ አንዴ ከተዘጋ በወሩም አይከፈትም፤ መንደር ደግሞ ኮርሲው ከነከሰሉ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ኡስታ ኖስራት መጣ። የሐመዳን ከተማን ግማሽ ሳሎን ያሞቀ ሰው ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደሚለው። ከሸክላ የተሠሩ የውሸት ጉማጆች የተደረደሩበትን ምድጃ ግድግዳው ላይ ካለው የጭስ ቀዳዳ ፊት አቆመ፤ የጋዝ ቧንቧውን አገናኘ፤ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈተሸ። የቀረው የጭሱ ሙከራ ነበር። አርደሺርን ጣሪያ ላይ አወጣውና ቀዳዳው ውስጥ እርጥብ ጋዜጣ ለኩሶ፣ ጭስ ይታይ እንደሆነ በስልክ ጠየቀው። አርደሺር የጭስ ቱቦዎቹን አየ፤ አልቫንድን አየ፤ የሰው እርግብ አየ፤ ጭስ አላየም። ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነውና ነፋሱ ከምዕራብ እንደሚነፍስ አስታወቀ። ኡስታ ኖስራት ነፋሱን ማን ጠየቀህ እንዳይለው መምህር ነውና፣ ዝም ብሎ ስልኩን ዘጋ።

የአርደሺር ስልክ ወዲያው መልሶ ጮኸ። ቱራን ኻኖም ናቸው። ስለ ጤናው ጠየቁ፤ ስለ ሹኩፌ ጠየቁ፤ ታብሪዝ ስላለችው ልጁ ጠየቁ። ሁሉም ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በጣፋጭ ድምፃቸው፣

«የናንተ ጭስም እኛ ቤት ድረስ መጥቶ አክብሮናል፤ የራሱ ቤት ነው፣ አይሳቀቅ» አሉት።

አርደሺር ስለ መልካም ቃላቸው አመስግኖ ተሰናበተ። ምን እንደተባለ የገባው ሦስት ደረጃ ከወረደ በኋላ ነው።

እሱና ኡስታ ኖስራት ሲገቡ የቱራን ኻኖም ሳሎን ጉም መስሏል። ግድግዳው ላይ ሁለት ሚዳቋዎች ውኃ ሲጠጡ የሚያሳይ የእጅ ሥራ ምንጣፍ ተሰቅሏል፤ ጭሱ ከሱ ኋላ እየተግተለተለ ስለሚወጣ ሚዳቋዎቹ የሚያጨሱ ይመስላሉ። ኡስታ ኖስራት የምንጣፉን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሕንፃውን የሠራው ሰውዬ ለሁለት ፎቅ አንድ ጭስ መውጫ ነው የተወው። ይህ ቀዳዳ በጡብና በጄሶ ካልተደፈነ ከታች የሚነደው ጋዝ እዚህ ይገባል፤ እዚህ ከገባ ቱራን ኻኖም ተኝተው አይነሡም። ምንጣፉን አውርዶ መድፈን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሳይደፈን ግን እሱ አይለኩስም፤ ነፍስ ገዳይ መባል አይፈልግም። ሌላ መውጫም የለም።

ቱራን ኻኖም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ለአንድ ቀዳዳ ነው የምታስፈቅዱኝ? በሞቴ፣ ዐይንሽን አውጪ ብትሉኝ አወጣለሁ። ምንጣፉ ምን አለው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤቴ ናቸው በእጃቸው የሰቀሉት፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ እና ምን አለበት፣ አውርዱት።»

«እርስዎ ካልተመቸዎት ይቅር፣ እናቴ» አለ አርደሺር፤ «ምድጃ እንደሁ ቅንጦት ነው።»

«ኧረ በሞቴ።»

«ኧረ እኔ ልሙት።»

ኡስታ ኖስራት ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ እጁን ወደ ሚስማሩ ሰደደ። እሳቸውም ሻይ ሳትቀምሱማ አይሆንም አሉ። ሻይ መጣ፣ የዱባ ፍሬ መጣ፣ ሮማን ተፈልፍሎ መጣ፣ የሟቹ ፎቶግራፍ መጣ። አራተኛው ሻይ ላይ ኡስታ ኖስራት ሌላ ሳሎን እየጠበቀው እንደሆነ አስታወሰና፣ ምንጣፉ የወረደ ቀን ጥሩኝ ብሎ ሄደ። ምንጣፉ እንደተሰቀለ፣ አርደሺር እንደጠገበ ቀረ።

ቤት ሲመለስ ሹኩፌ ምን አሉ አለችው። እሺ ብለዋል አላት። ስንት ጊዜ? ቆጠረ፤ ሦስት ጊዜ። ሹኩፌ ፊቷ ጠቆረ። ሰው አንዴ እሺ ካለ እሺ ነው፤ ሦስት ጊዜ እሺ ካለ ግን ራሱን እያሳመነ ነው አለች። አርደሺር ተከራከረ። ግብዣ ሦስት ጊዜ እምቢ ተብሎ በአራተኛው እንደሚገባ ሕፃን ያውቃል፤ እምቢታ በሦስተኛው የሚፈርስ ከሆነ እሺታ በሦስተኛው መጽናት አለበት። ሹኩፌ ይሄ ጂኦግራፊ አይደለም አለችው።

ረቡዕ ሹኩፌ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አሽ፣ ያ ወፍራሙን የባቄላና የጎመን ሾርባ፣ ቀይ ሽንኩርት ጠብሳ ከላዩ ነስንሳ ወደ ላይ ላከች፤ ማለትም ራሷ ይዛ ወጣች። ሳህን ባዶውን አይመለስምና በምን እንደሚመለስ ይታይ አለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የደረቀ ጎምዛዛ ፕሪም ሞልቶት ተመለሰ። ባልና ሚስት ሳህኑን መሃል አስቀምጠው ተቀመጡ። አርደሺር ጎምዛዛ ማለት እምቢ ነው አለ። ሹኩፌ ይሄ የቦካራ ፕሪም ነው፣ ሰው ለማይወደው ይህን አያወጣም አለች። እሱ አንድ ቀመሰና ግራ ተጋባ፤ ጎምዛዛም ነው፣ ጣፋጭም ነው።

ከሰዓት በኋላ ወንድ ነኝ ብሎ ቁርጡን ሊጠይቅ ወጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ ቃሉን አጠና፤ «ቱራን ኻኖም፣ ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም?» በሩ ሲከፈት ግን ከአፉ የወጣው እንደምን ዋሉ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲወርድ የወጥ ቤታቸውን አምፖል ሊቀይርላቸው፣ የመታጠቢያ ቤታቸውን ቧንቧ ሊያይላቸው ቃል ገብቶ ነበር። ምድጃውን እሳቸው ናቸው ያነሡት፤ እንዴት ነው፣ ለኮሳችሁት አሉት። ኧረ አያስቡ፣ አንቸኩልም አለ። ለምን እንዲህ እንዳለ ደረጃውን ሲወርድ ራሱን ጠየቀ።

ሐሙስ በአምስት ሰዓት መሽዲ ያዱላህ ዱላቸውንና የሬዲዮ ቦርሳቸውን ይዘው ገቡ። የሹኩፌን ግንባር ሳሙ፤ ቀጥ ብለው ሳሎን ገብተው ምድጃው ፊት ቆሙ። ቦርሳውን ከእጃቸው አላወረዱም።

«እሳቱስ?»

«አለ አባዬ፤ አልተለኮሰም እንጂ።»

«ለምን?»

«ላይ ያሉት ቱራን ኻኖም ቀዳዳቸው እንዲደፈን እሺ ስላሉ ነው።»

መሽዲ ያዱላህ ልጃቸውን ትኩሳት ይዞት እንደሆነ አዩት።

«እሺ ካሉ ለምን አይደፈንም?»

«እሺ ያሉት እምቢ ለማለት ይመስለኛል።»

«እምቢ አሉ?»

«እሳቸው እምቢ አይሉም።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ካልተመቸዎት ይቅር አልኳቸው።»

«ይቅር እንዲሉህ ፈልገህ?»

«ኧረ አይደለም፤ እንዲያው ለወጉ።»

«ለምን እንደፈለግኸው ነግረሃቸዋል? የኔን ነገር?»

አርደሺር ባሏ የሞተባትን ሴት በራስ ችግር ላለማስጨነቅ ይሉኝታ ይዞኝ ነው አለ። አባቱ ቦርሳውን በሩ ሥር አስቀመጡ። ከዚያ ምሳ አቅርቡ አሉ። እንደ አገሩ ወግ የተቀቀለውን ሥጋና ሽምብራ ከድንቹ ጋር በሙቀጫ ዘነዘና ራሳቸው ደቆሱት፤ ትንሽ ከረር አድርገው የደቆሱት ለአርደሺር መሰለው። ሲበሉ ዐይናቸው ሰዓቱ ላይ ነበር። ውጪ የመጀመሪያው በረዶ መንጠባጠብ ጀምሯል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። አርደሺር አብሬ ልውጣ አለ፤ ቁጭ በል አሉት። ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወጡ ተሰማ፤ በር ተንኳኳ፤ ተከፈተ። ከዚያ ምንም የለም። ባልና ሚስት አንገታቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው ተቀመጡ። የሻይ ብርጭቆ ድምፅ እንኳ አልተሰማም፤ በዚህ ሕንፃ ይህ ሆኖ አያውቅም። ቆይቶ የሴት ድምፅ መጣ። ሹኩፌ ሳቅ ነው አለች፤ አርደሺር ለቅሶ ነው አለ። እየተከራከሩ ሳሉ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። በረዶው እየወፈረ ሄደ፤ የሬዲዮው ቦርሳ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። አርደሺር ቦርሳውን ሊደብቅ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። አባቱ በኃይል የሚያስቀሯቸው ሰው አይደሉም፤ በእግራቸውም ቢሆን ይሄዳሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መሽዲ ያዱላህ ከላይ በደረጃው ጉድጓድ ተጣሩ።

«ሰውዬውን ጥራው። ጡቡን ይዞ ይምጣ።»

ኡስታ ኖስራት በረዶውን ከትከሻው እያራገፈ ሲደርስ፣ አርደሺር ተከትሎት ወጣ። ምንጣፉ ወርዷል። ተጠቅልሎ ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጧል፤ አራቱ ሚስማሮች የሻይ ሳህን ውስጥ ተደርድረዋል። ቱራን ኻኖም ዐይናቸው ቀልቷል፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው የጄሶውን ውኃ ያቀርባሉ። አርደሺር ከለመደው ካልተመቸዎት ብሎ ሊጀምር ሲል እጃቸውን አነሡና፣

«አጋ አርደሺር፣ ዛሬ ዝም በሉ» አሉት። ሻይ አላቀረቡለትም።

በግማሽ ሰዓት ተደፈነ። አርደሺር እንደገና ጣሪያ ላይ ወጣ፤ በረዶ እየወረደበት ቆመ፤ ከመሃለኛው ቱቦ ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየ። ስለ ነፋሱ ምንም አላለም። ሲወርድ ኡስታ ኖስራት ጄሶው እስኪጠነክር ብሎ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ለኩሶት ነበር። ሰማያዊው ነበልባል በሸክላ ጉማጆቹ መሃል ተሹለክልኮ ብጫ ሆነ። መሽዲ ያዱላህ ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉለት።

«እንጨቱ አያልቅም?» አሉ።

«ሸክላ ነው፣ መሽዲ» አለ ኡስታ ኖስራት።

«ጎበዝ ሸክላ ነው።»

አሥር ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ማንም ስለ ሚኒባስ አላነሣም። ሹኩፌ ቦርሳውን አንሥታ ሬዲዮውን አወጣችና ከአማቷ አጠገብ ሰካችው። ኡስታ ኖስራት ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። አርደሺር ግን መቀመጥ አቃተው። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠናው እሺታ፣ ሳህን፣ ፕሪም ሁሉ ራሱ ውስጥ ይዞራል። ወንበሩን ወደ አባቱ ጎተተ።

«አባዬ፣ ምን ብለዋቸው ነው?»

መሽዲ ያዱላህ የሬዲዮውን መዘውር አዞሩ።

«ለምነዋቸው ነው? ስለ አምናው ከሰል ነግረዋቸው ነው? ወይስ ስለ ባለቤታቸው አነሡ?»

ዜናው ስለ በረዶው እያወራ ነበር።

«እሺ፣ ሲስቁ ነበር ወይስ ሲያለቅሱ? እሱን ብቻ።»

አባቱ እግራቸውን ትንሽ ወደ እሳቱ አስጠጉ።

«አልናገርም» አሉ።