ባሕር የሌለው አገር

ሩሐማ እርጉዝ ስለነበረች መርዶው ይቆይ ተባለ። "በሰላም ትገላገል። ባንድ ቤት ሁለት ሬሳ አናውጣ" አሉ አያ ካሤ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ።

መርዶው የወንድሟ የባንተአምላክ ነው። ከሊቢያ የተነሣችው ጀልባ ስትሰጥም አብሯት ሰጠመ። ወሬውን ወደ ሰቆጣ የደወለው የአጎራባቿ የጽጽቃ ልጅ ተስፋው ነው፤ እሱ ቀድሞ ሊክተንስታይን የምትባል አንዲት ሚጢጢ የአውሮፓ አገር ገብቷል። ባንተአምላክም ወደሱ ነበር የሚሄደው። መጨረሻ የደወለ ለት እናቱን፣ "ከእንግዲህ የምደውልልሽ እዚያ ገብቼ ነው" ብሏት ነበር።

እናቱ ወለተጊዮርጊስ ስልኩን ከደረቷ ሳታወርድ ከረመች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት እሷና ሩሐማ ብቻ ናቸው። አያ ካሤ ታዲያ እስከዳርን መንገድ ላይ አስቆሟት። እስከዳር ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ በወለተጊዮርጊስ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ታምንሻለች። ገብቷል በያት፣ ስልኩ ጠፍቶበት ነው በያት።"

"አያ ካሤ፣ እኔ መዋሸት አልችልበትም።"

"ማን ይችልበታል? የእርጉዟን ሆድ አስቢ።"

አሰበች፤ ነገረቻት። ወለተጊዮርጊስ መሬት ስማ ተነሣችና፣ "እንዴት ያለ አገር ነው?" አለቻት። እስከዳር አታውቅም። የዚያን ዕለት ለራሷ ቃል ገባች፤ አንዴ ዋሽታለች፣ የቀረውን ሁሉ ግን እውነት ታደርገዋለች። ከስልኳ ላይ እየፈለገች፣ ከሥራ ስትመለስ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታጫውታት ጀመር።

"ከማነሱ የተነሣ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ የለውም፣ እማማ። ከሰሃላ ወረዳም ሳያንስ አይቀርም።"

"ካነሰስ ደግ፤ ልጄ አይጠፋበትም።"

"አርቴፊሻል ጥርስ ሠርተው ለዓለም ሁሉ ይሸጣሉ።"

ወለተጊዮርጊስ የወለቀ የፊት ጥርሷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። "እንግዲያው ይላክልኝ! መጀመሪያ ያቺን ጎረቤቴን ጸሐይነሽን ነው የምነክሳት፤ ድዳም ትለኛለች።"

"ልዑል አላቸው። ተራራ ላይ ግንብ ውስጥ ይኖራል።"

"እንደ ዋግሹም?"

"እንደ ዋግሹም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሕዝቡን ግቢው ጠርቶ ይጋብዝ ነበር አሉ።"

"በፍልሰታ? ኧረ ሥጋ እንዳያበሉት!"

ብዙው ሰው በሩን እንደማይቆልፍም ነገረቻት። ወታደር እንደሌላቸውም ነገረቻት። "ድሮ አንድ ጊዜ ሰማንያ ሰው አዝምተው ነበር ይባላል። ሲመለሱ ሰማንያ አንድ ሆኑ፤ መንገድ ላይ ወዳጅ አፍርተው ይዘውት ገቡ።"

ወለተጊዮርጊስ ወደ እስከዳር ጠጋ አለች። ባሏ ማንደፍሮ በጦርነቱ ጊዜ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር እንደወጣ ነው የቀረው።

"ጨምረው ገቡ?"

"ጨምረው።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገመችላት። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት። ግን በማግሥቱም ወሬ አምጪ ተባለች፤ አመጣች። "ባሕር የለውም፣ እማማ። ጎረቤቶቹም ባሕር የላቸውም። ባሕር ለማየት ሁለት ድንበር መሻገር አለባቸው።"

ወለተጊዮርጊስ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። "ተመስገን! እኔ የምፈራው ባሕሩን ብቻ ነበር። እሱስ እሱ፣ ጎረቤቱ እንኳ የለው!"

እስከዳር የሚሠራ እንዳላት ተናግራ ክፍሏ ገባች። በሩን ዘግታ ትራሱን ነክሳ አለቀሰች።

ሩሐማ ሴት ልጅ ወለደች። እልልታው ሲሰማ አያ ካሤ አጥር ሥር ቆመው ራሳቸውን ያዙ። አራስ ቤት ከክርስትና በፊት መርዶ አይገባም፤ ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር፤ የሴት በሰማንያ ነው። ሰፈሩም ያን ያህል ቀን አብሮ ዋሸ። ለጥየቃ የመጣው ሁሉ፣ "ባንተአምላክ ደህና ነው?" ሲል፣ እናቲቱ ስለ ጥርሱም ስለ ዋግሹሙም ታወራለታለች። እንግዳው አንገቱን ደፍቶ ገንፎውን ይበላል።

በክርስትናው ማግሥት፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ከአያ ካሤ ኋላ ሆነው ግቢውን ሞሉት። ወለተጊዮርጊስ ደጃፉ ላይ ወጥታ አየቻቸው።

"በርቺ" አሉ አያ ካሤ። "ባንተአምላክ ባሕር ላይ ቀርቷል።"

ሩሐማ ከውስጥ ጮኸች። ወለተጊዮርጊስ ግን ፊቷ አልተለወጠም።

"የቱ ባሕር?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ያገሩም የጎረቤቱም ባሕር የለውም። ይችን ልጅ ጠይቋት።"

ሁሉም ወደ እስከዳር ዞረ። "እውነት ነው እማማ፣ አገሩ ባሕር የለውም። ባሕሩ ከአገሩ በፊት ነው። አልደረሰም።"

"ገብቷል አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"ጥርሱስ? በሩስ? ጨምረው የገቡትስ?"

"እሱ ሁሉ እውነት ነው። የዋሸሁዎት አንዱን ብቻ ነው።"

"ታዲያ እኔ በምን ልለየው፣ ልጄ?"

ሙሾ አውራጇ ጸሐይነሽ እንዲህ ስትል ጀመረች፤

"ዋግ ምድር ተጠማ ዝናቡ ጠፍቶበት፣
የኛ ልጅ ሄደና ውኃ በረታበት።"

"ጸሐይነሽ" አለች ወለተጊዮርጊስ፣ "ለዝናቡ አልቅሽለት። ልጄን ተይልኝ።" ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ ለሩሐማ በአገውኛ አንድ ነገር አለቻት። እስከዳር አጠገቧ ያለችውን ሴት ምን አለች ብላ ጠየቀች።

"'የሕፃኗን እግር ሸፍኚ፣ በረደው' ነው ያለች።"

ድንኳኑ ሦስት ቀን ተተከለ። ለቀስተኛው አለቀሰ፤ ሩሐማ ጡቷ እስኪደርቅ አለቀሰች። ወለተጊዮርጊስ ለሰዉ ውኃ ስታቀርብ ሰነበተች እንጂ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። "እንባው ውስጧ ገብቶ ይገድላታል" አሉ አያ ካሤ፤ እስከዳርን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም።

ድንኳኑ በፈረሰ ለት አመሻሽ ላይ እስከዳር እንደ ልማዷ የግቢውን በር ልትቀረቅር ሄደች። በዚያ ሰሞን ጅብ ከጎረቤት ሁለት ፍየል ወስዷል።

"ተይው" አለች ወለተጊዮርጊስ ከመደቡ ላይ። "እነሱ አይቆልፉም ብለሽኝ የለ?"

"እማማ፣ ጅቡ..."

"እሱም ውሸት ነበር?"

እስከዳር መቀርቀሪያውን እንደያዘች ቆመች። "አይደለም" አለች። መቀርቀሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

በሩ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።